በምሽጉ ዙሪያ የተጠራ ስም

የግሌኒስ ኮትሬል ባል ከሞተ ስምንት ወር ሆነው፤ በእነዚህ ስምንት ወራት ስሙን የጠራላት አንድም ሰው የለም። የእኛ ከተማ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሐዘንተኛ ፊት የሟችን ስም ማንሳት ቁስል መነካካት ይመስለዋል፤ ስለዚህ ኬክ ጋግሮ ደጃፍ ላይ ያስቀምጥና ውልቅ ይላል። ጨዋነት ሲበዛ ጭካኔ ይሆናል፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ። ኔቪል የሚባል ሰው አርባ ስድስት ዓመት አብሯት መኖሩን አንዳንዴ እሷ ራሷ መጠራጠር ጀምራ ነበር። የቸገራት ይኸው ነው፤ ሌላ ሰው ስሙን ሲጠራው መስማት ፈለገች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕሩ ምሽግ ሄደች፤ ብቻዋን ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። አሮጌዎቹ መድፎች ወደ ውሃው አፍጥጠው የተቀመጡበትን ምሽግ የሚዞረው መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፣ የሕፃን ጋሪ ይገፋበታል። ቢሆንም ካቻምና አንድ ጎብኚ የምሽጉ ቦይ ውስጥ ወድቆ እግሩን ተሰብሮ ካደረ ወዲህ፣ በጎ ፈቃደኞቹ በሩ ላይ መዝገብ አኑረዋል። የገባ ይመዘገባል፤ ያልወጣ ይፈለጋል። ከኔቪል ጋር በየሳምንቱ ሲመጡ የምትጽፈው እሷ ነበረች። ዛሬም ብዕሩን አንስታ እንደ ልማዷ ጻፈችና ገባች።

ከመድፎቹ ሥር ጎረቤቷን ሸሪልን ከነውሻዋ አገኘቻት።

"እንዴት ነሽ ታዲያ?" አለች ሸሪል።

"አለሁ።"

"ንፋሱ ግን! ጆሮ ይቆርጣል እኮ።"

"ኔቪል ሁልጊዜ እዚህ ጋ ያርፍ ነበር፤ ጫማዬ ጠጠር ገባበት እያለ" አለች ግሌኒስ፣ ሆን ብላ።

ሸሪል ፊቷን ወደ ውሻው መለሰች። "አንተ! ውጣ ከዚያ! የሞተ ዓሣ ካልቀመሰ ቤቱ አይገባም እኮ። በይ የኔ ቆንጆ፣ አንድ ቀን ሻይ እንጠጣለን።"

ሸሪል "አንድ ቀን" የምትለው ቀን በየትኛውም ካላንደር ላይ የለም።

ግሌኒስ ቀሪውን መንገድ ብቻዋን ዞረች። ሰው በሌለበት "ኔቪል" ብላ ሞከረች። ራስን እንደ መኮርኮር ሆነባት፤ ምንም አልተሰማት። በሩ ላይ ሮስ ነበር፤ ከተማችን ከገባ ገና ሦስት ወሩ የሆነ በጎ ፈቃደኛ። "ደህና ተመለሱ?" አላት። ራሷን ነቅንቃ አለፈችውና ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቤት መግባቱ አስጠላት።

አሥር ሰዓት ላይ፣ ምሽጉ ሲዘጋ፣ ከግንቡ ወዲያ የወንድ ድምፅ ተሰማ።

"ኔቪል! ኔ-ቪል ኮትሬል!"

አእምሮዋ የተነካ መሰላት። ሌላ ድምፅ ደግሞ ከመድፎቹ በኩል ተቀበለ፤ "ኔቪል! ይሰማዎታል?"

ያኔ ገባት። መዝገቡ ላይ "ኔቪልና ግሌኒስ ኮትሬል፣ ሁለት ሰው" ብላ ነው የጻፈችው፤ እጇ የለመደውን። ሲወጣ የታየው ግን እሷ ብቻ ናት።

ወዲያው መነሳት ነበረባት፤ አልተነሳችም። አሳፋሪ ነገር ነው፤ እሷም ታውቀዋለች። ሁለት ሰዎች የባሏን ስም በሙሉ ድምፃቸው እየጠሩ፣ በሕይወት አለ ብለው እየፈለጉት፣ እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ደስ አላት። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ከፈላጊዎቹ አንዱ፣ አንድ ሽማግሌ፣ በግንቡ ጫፍ ብቅ ብሎ እያነከሰ ወደ ቦዩ መውረድ ሲጀምር ስታይ ግን አላስቻላትም። ወደ በሩ ሮጠች ማለት ይቻላል።

"ግሌኒስ! አይዞዎት፣ እናገኛቸዋለን" አለ ሮስ።

"አታገኙትም። ባለፈው ዓመት ሞቷል። ተሳስቼ ነው የጻፍኩት።"

ሮስ ፊቱ ቀላ። "ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስንጮህ... አልሰሙንም?"

"ሰምቻለሁ" አለች። "ስሙን የሚጠራው ሰው ጠፍቶ ነው። ትንሽ ልስማ ብዬ ነው።"

ሮስ ሬዲዮውን አነሳ።

"ተመለሱ። ኔቪል ኮትሬል ሞቷል።"

እሷ ፊት እንዲህ በግልጽ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ቄሱም ቢሆኑ "አረፈ" ነው ያሉት። ከግንቡ ወዲያ የነበሩት ድምፆች አንድ በአንድ ቆሙ። ግሌኒስ የበሩን ብረት ይዛ፣ ምናልባት አንዱ ሳይሰማ ቀርቶ እንደሆነ ብላ ጆሮዋን አቀናች።

ሁሉም ሰምተው ነበር።