ከሁሉ በፊት የሚደፈነው

ዴሳንካ ባዶዎቹን ሲሊንደሮች ሦስት ጊዜ ቆጠረቻቸው። መጀመሪያ በዓይኗ፣ ቀጥሎ በጣቷ እየጠቆመች፣ በመጨረሻ ደግሞ እያንዳንዳቸው ላይ በጠመኔ ምልክት እያደረገች። አርባ ሁለት ናቸው። ከኮምፕረሰሩ ቤት ጀርባ፣ ሳማ የወረረው ጥግ ላይ እንደ ማገዶ ተደርድረዋል። ሁሉም የማቀዝቀዣ ጋዝ የነበረባቸው፣ ሁሉም ባንድ ዓመት ውስጥ ያለቁ።

በእንጆሪ ማቀዝቀዣው ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። የሞራቪካ ሸለቆ ገበሬዎች የለቀሙትን ያመጣሉ፣ ሴቶቹ ይመርጡታል፣ ከዚያ ቀዝቅዞና ታሽጎ ወደ ሰሜን ይጫናል። ከግማሽ በላዩን የሚገዛው አንድ የዴንማርክ ማርማላታ ፋብሪካ ነው። ያ ፋብሪካ በግንቦት መጀመሪያ ደብዳቤ ላከ። ድርጅቱ የካርቦን ልቀቱን ለመቀነስ ምን ምን እንደሚያደርግ፣ የትኛውን እንደሚያስቀድምና ለምን እንደሚያስቀድም በቁጥር ካላሳየ ውሉ አይታደስም ይላል። የድርጅቱ ባለቤት ሚሉቲን ደብዳቤውን ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አደረገና፣ «ቁጥር የምትወጂው አንቺ ነሽ፤ ሥሪው» ብሏት ወጣ።

ሠራችው። የመብራቱን፣ የጭነት መኪናዎቹን፣ የካርቶኑን ሁሉ እየለየች ጻፈች። ጋዙ ጋ ስትደርስ ግን እርሳሷ ቆመ። ከዚያ ጋዝ አንድ ኪሎ አየር ላይ ሲበተን አራት ሺህ ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን እንደ መልቀቅ ነው። አርባ ሁለቱ ሲሊንደር መብራቱንም መኪናውንም አስከንድቶ ከሁሉ በላይ ተቀመጠ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መካኒኩን ቬሊሚርን ፍለጋ ሄደች። ቬሊሚር ልጇን ክርስትና ያነሳላት ሰው ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል።

«አበልጄ፣ አርባ ሁለት ነው» አለችው።

«ምኑ?» አላት፣ ምኑ እንደሆነ እያወቀ።

«የጋዙ መዝገብ ላይ ስድስት ብለህ ነው የጻፍከው።»

ቬሊሚር እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። ከጠራም በኋላ መጥረጉን አላቆመም።

«ሦስተኛው የማቀዝቀዣ ክፍል ነው የሚያፈሰው። ቧንቧው እኔ ከመቀጠሬ በፊት የተዘረጋ ነው፣ ሽፋኑ ሥር ዝገት በልቶታል። ለሚሉቲን ስንቴ ነገርኩት መሰለሽ! ‹ሙላውና ዝም በል› አለኝ። ሞላሁ፣ ዝም አልኩ።»

«ፊርማውስ?»

«ፊርማው የኔ ነው። የመንግሥት ተቆጣጣሪ ቢመጣ የሚይዘው እኔን እንጂ እሱን መሰለሽ? ሁለት ዓመት ዴሳ! ጣራው ላይ የሚያስተክለውን ሶላር አንደኛ አድርጊና እለፊው። እኔ ከወጣሁ በኋላ ያሻሽን ጻፊ።»

አራት ቀን ሙሉ ዝርዝሩን ስትጽፍና ስትሰርዝ ከረመች። ሶላሩን አንደኛ ብታደርግ የሚቀንሰው ጋዙ ከሚያመጣው ጉዳት አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። በዓመቱ ዴንማርኮቹ ቁጥሩን ሲያዩ ወደ ፖላንድ ይዞራሉ፤ መቶ አርባ ሴቶች ከመምረጫው ጠረጴዛ ይነሳሉ። ጋዙን አንደኛ ብታደርግ ደግሞ አበልጇን በገዛ እጇ አሳልፋ ሰጠች ማለት ነው። ወረቀቱን ገለባበጠችው፤ በየትኛውም በኩል ሰው የማይጎዳበት መንገድ አጣች።

በአምስተኛው ቀን ሚሉቲን ቢሮ ገባች። እሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ ጣራው ላይ የሚወጡትን የሶላር ሰሌዳዎች ያያል።

«አቶ ሚሉቲን፣ ሦስተኛው ክፍል ተዘግቶ መጠገን አለበት። ከሁሉ በፊት እሱ ነው።»

«መከር ሊገባ አራት ሳምንት ቀርቶት? አእምሮሽ ደህና ነው?»

«እንጆሪው ከገባበት በኋላማ እስከ ጥር አይከፈትም። እስከዚያ ሌላ ሃያ ሲሊንደር ይበተናል።»

«ጋዝ ማን ያየዋል? ይሄ ግን ከዋናው መንገድ ይታያል» አለ ወደ ጣራው እየጠቆመ። «ጻፊ። አንደኛ ሶላር። ሁለተኛ አምፖል። ሦስተኛ የምንተክላቸው ዛፎች። ጋዙ ካላስተኛሽ መጨረሻ ላይ ‹ወደፊት ይታያል› በይው።»

«ይጠይቁናል።»

«ዴሳንካ፣ አንቺ እንጆሪ ቅመሺ። የሚጠይቀኝን እኔ አውቃለሁ።»

ሚሉቲን እንዳለው አድርጋ ጻፈችለት፤ ፈረመበት። ዴንማርክ የደረሰው ግን ጋዙን አንደኛ ያደረገችበት የራሷ ዝርዝር ነው። ስትልከው አድራሻውን ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። ከላከችው በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተችና ማንም ሳይሰማት አለቀሰች። ለቬሊሚር አልነገረችውም። ልትነግረው ሁለት ጊዜ ደጁ ድረስ ሄዳ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሳለች።

በሳምንቱ ሊሴ መጣች። ሊሴ የዴንማርኩ ፋብሪካ የግዢ ኃላፊ ናት፤ በየዓመቱ ስትመላለስ ሰርብኛ ለምዳለች። ሚሉቲን አረቄ አስቀድቶ፣ የደረቀ ሥጋና አይብ አስቀርቦ ጠበቃት። እሷ ብርጭቆውን ሳትነካ የጋዙን መዝገብ ጠየቀች። ቬሊሚር ይዞት ገባ።

«ይኸው፣ ስድስት ነው» አለ ሚሉቲን ገጹን እየገለጠላት። «ሠራተኛዬ ትንሽ ማጋነን ታበዛለች።»

ዴሳንካ አንገቷን ደፋች። ቬሊሚር መጀመሪያ እሷን አየ፤ ቁጥሩን የላከችው እሷ መሆኗ ያኔ ነው የገባው። ከዚያ ሊሴን፣ ቀጥሎ መዝገቡን አየ።

«አርባ ሁለት ነው» አለ። «ስድስት ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሙላና ዝም በል ያለኝ ደግሞ እሱ ነው።»

ሊሴ መዝገቡን ዘጋችው። «እንጆሪው ከመግባቱ በፊት ክፍሉ ይጠገን፤ ጋዝ መያዙን አሳዩኝ። ከያዘ አንድ ዓመት እንሞክራለን። ካልያዘ አንሞክርም።»

መኪናዋ ከግቢው እንደወጣ ሚሉቲን ለቬሊሚር «ቁልፉን አስቀምጥና ውጣ» አለው። ዴሳንካን እንዲሁ በዓይኑ ገላመጣትና አለፋት፤ ወረቀቱን የሚሠራለት ሌላ ሰው የለውም።

ከከተማ በያጆች መጡ። አምስት ቀን ሙሉ ግድግዳውን ሲያንኳኩ ከረሙ። ቧንቧው የት ታጥፎ የት እንደሚገባ የሚያሳይ ንድፍ የለም፤ ያ ሁሉ ያለው ቬሊሚር ጭንቅላት ውስጥ ነው። መከሩ ሊገባ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ዴሳንካ ቤቱ ሄደች። ሚስቱ ሩዢካ አጥሩ በር ላይ ይዛ አቆመቻት።

«ምን ቀረሽ? ልጅሽን ክርስትና ያነሳልሽን ሰው በወረቀት ሸጥሽው! አሁን ደግሞ ልትቀብሪው መጣሽ?»

«ልክ ነሽ። ስደቢኝ። ግን ክፍሉ ካልተጠገነ ሁላችንም አለቅን ሩዢካ፣ የገዛ እህትሽም እዚያው ነው የምትሠራው።»

«ዞር በይልኝ ከደጄ!»

ቬሊሚር ከውስጥ በካልሲው ብቻ ወጣ። ዴሳንካን ቀና ብሎ አላያትም።

«ናይትሮጅን አምጥተዋል?» አለ ወደ አጥሩ።

«አላመጡም።»

«ታዲያ ቀዳዳውን በምን ሊያገኙት ነው? በማሽተት?» ጫማውን ሊያደርግ ተቀመጠ።

ደሞዝ የሚባል ነገር ሳይነሳ ሠራ። ሚሉቲንም እንዳላየ ሆኖ ተወው። ቬሊሚር ሽፋኑን ገሸለጠ፣ ቧንቧውን በናይትሮጅን ሞላ፣ ዴሳንካ ደግሞ ባልዲ ይዛ የሳሙና ውሃ በብሩሽ ትቀባለች። አረፋ ባወጣበት ሁሉ ይበየዳል። አንዱ ሲደፈን የግፊት መለኪያው ቀስት ለትንሽ ጊዜ ይቆምና መልሶ ይወርዳል። አራት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሦስት ቦታ ደፈኑ። ቀስቱ ይወርዳል። ስለ ሥራው ካልሆነ በቀር አንዲት ቃል አይለዋወጡም። አንድ ቀን ቬሊሚር መሰላሉ ላይ እንዳለ ግንባሩን ቧንቧው ላይ አስደግፎ፣ «አበቃ፤ ይሄ ወንፊት ነው» አለ። ዴሳንካ ብሩሹን ነክራ መቀባቷን ቀጠለች።

እንጆሪው አልጠበቃቸውም። ሙቀት ገባና ከቀኑ አምስት ቀን ቀድሞ በሰለ። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ጊዜ ሞሉ፤ ሦስተኛው አፉን ከፍቶ ባዶውን ቆሟል። በሩ ላይ የገበሬ ተጎታች እስከ ድልድዩ ተሰለፈ። የሚመልሳቸው ሰው ሲጠፋ ሚሉቲን ዴሳንካን ላካት። ከሰልፉ ፊት የቆመው የገዛ ወንድሟ ራዴንኮ ነው።

«እህቴ፣ ይሄ እስከ ምሽት ውሃ ይሆናል» አላት። «ልጆቼ ከንጋት ጀምረው የለቀሙት ነው።»

«ቦታ የለም ራዴ።»

«ለኔም?»

«ላንተም። ለማንም የለም።»

ራዴንኮ አንድ ሳጥን አነሳና እግሯ ሥር ደፋው። ሌላ ደገመ። ከዚያ ተጎታቹን አዙሮ ሄደ። ከኋላው የነበሩትም እየተሳደቡ ተከተሉት። ንቡ ወረረው፤ ቀዩ ጭማቂ በአስፋልቱ ላይ እየተንዠቀዠቀ ወደ ቦዩ ወረደ። ሦስት ቀን እንደዚያ ሆነ። ሦስቱንም ቀን በሩ ላይ ቆማ ሰው የመለሰችው እሷ ናት።

በአሥራ ሰባተኛው ብየዳ ቀስቱ ቆመ። አንድ ሙሉ ቀን ጠበቁት፤ ንቅንቅ አላለም። ቬሊሚር ናይትሮጅኑን ለቅቆ ጋዙን ሞላ። ሦስተኛው ክፍል በረዶ ሠራ፤ የተረፈው እንጆሪ ገባ። ሊሴ ቁጥሩን አይታ የአንድ ዓመቱን ውል ፈረመች፣ ከበፊቱ በሩብ ያነሰውን።

ዴሳንካ ቬሊሚር እንዲመለስ ሁለት ጊዜ ለመነች። ሚሉቲን «በሐሰት የፈረመ ሰው ድርጅቴ አይገባም» አላት፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይነበብ። ራዴንኮ እንጆሪውን ለሌላ ማቀዝቀዣ መስጠት ጀመረ፤ መንገድ ላይ ሲያገኛትም ሰላም አይላትም።

በነሐሴ መጨረሻ ቬሊሚር ስሎቬኒያ ያለው ልጁ ጋራዥ ውስጥ ሊሠራ ተነሳ። ዴሳንካ አውቶብስ መነሻው ድረስ ሄደች። ሩዢካ ስታያት ፊቷን አዞረች። እሱ ሻንጣውን ከጫነ በኋላ ወደ ዴሳንካ ጠጋ አለ።

«ይቅር በለኝ አበልጄ» አለችው።

ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ።

«ሦስተኛው ክፍል ውስጥ» አለ፣ «ከበሩ በስተግራ፣ ሁለተኛዋን ማጠፊያ ተጠንቀቂያት። ቸኩዬ የበየድኳት እሷን ነው።»

ከዚያ ተሳፈረ። ዴሳንካ አውቶብሱ ዳገቱን እስኪጨርስ ቆማ አየችው። በማግስቱ ሥራ እንደገባች፣ እንዳይረጋ ያሞቀችውን የሳሙና ውሃ በባልዲ፣ ብሩሽም ይዛ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ መሰላሉን ወጣች፣ ማጠፊያዋን ቀባቻትና ብርዱ ጣቷን እስኪያደነዝዘው ድረስ አረፋ ትጠብቅ ጀመር።