ሞቅ ሲለው

«ይኸው! አላልኩዎትም አባባ?»

ሙሽራው ጣቶቹን ከጊታሩ ክር ላይ አነሳ። ዘፈኑን ገና ማጋመሱ ነበር፤ የአምፕሊፋየሩ ድምፅ መጀመሪያ ሻከረ፣ ቀጥሎ ሳሳ፣ ከዚያም ጭጭ አለ።

«ሙሽራው» የሚለውን ስም ያወጡለት የሚስቱ አባት፣ የሱቁ ባለቤት አዛውንቱ ጠጋኝ ናቸው፤ ልጆች ወልዶም ስሙ አልለቀቀውም። ዛሬ ማታ ሆቴል ውስጥ ይጫወታል። ባለፈው ሳምንት ጭፈራው ሲሞቅ አምፕሊፋየሩ ጠፍቶበት የሆቴሉ ባለቤት፣ «ከደገመህ በቦታህ ኪቦርድ ተጫዋች አመጣለሁ» ብሎታል። ሌላ የሚሄድበት የለውም።

«እንደ ሰካራም ነው» አሉ አዛውንቱ ጠጋኝ። «ሞቅ ሲለው ምላሱ ይተሳሰራል።»

ማንም አልሳቀም። ጠዋቱን ሙሉ፣ ሳጥኑን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ሲሞክሩት፣ ያለ አንዳች እንከን ሲሠራ ነበር። በመጨረሻ፣ ማዶ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስልክ የምትጠግነው ልጃቸው፣ የሙሽራው ሚስት፣ «አባዬ፣ ራቁቱን ሆኖ እንዴት ይሙቀው? አልብሰው እንጂ!» ብላ ብርድ ልብስ ጣል አደረገችበት። አሁን ሕመሙ የወጣው ሙቀቱ ሲታፈን ነው።

አዛውንቱ ብርድ ልብሱን ገፈፉ። ቫልቮቹ፣ እንደ አምፖል ያሉት የመስታወት ቱቦዎች፣ ፍም መስለው ያበራሉ። ኤሌክትሪኩን አልነቀሉትም፤ ከቀዘቀዘ ሕመሙ ተመልሶ ይደበቃል። በዚያ ሁሉ ሽቦ መሀል ደግሞ ከግድግዳው ሶኬት እጥፍ የሚሆን ኃይል ይመላለሳል። ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቀጭን ደረቅ እንጨት አነሱ፤ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ እየነኩ የላላውን ሊፈልጉ ነው።

«ምታ» አሉት።

ሙሽራው ጊታሩን መታ። እንጨቱ አንዱን ብየዳ ሲነካ ድምፅ ማጉያው ተንጫጫ። ቀጥሎ ያለውን ሲነካም ተንጫጫ። የተነካው ሁሉ ተንጫጫ።

«ሁሉም ነው እንዴ የተበላሸው?» ሙሽራውን ላብ አጠመቀው።

«ዝም ብለህ ምታ!»

ልጃቸው ግን ገባት። የአባቷ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱን ነካሁ ሲሉ ጎረቤቱንም ይደበድቡታል። በዚህ ዓይነት የታመመውን ከጤነኛው መለየት አይቻልም። ሰሞኑን ሻይ ሲጠጡ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ሲይዙ አይታ እንዳላየች አልፋ ነበር። ይህን እያሰበች ሳለ እንጨቱ ከአባቷ እጅ ተንሸራተተ። ጣታቸው ባዶውን ሽቦ ለጥቂት ሳተው። ክው አለች።

«አባዬ፣ ስጠኝ።»

«ምኑን?»

«እንጨቱን።»

«ይሄ ስልክ መሰለሽ? ይገድላል እኮ!»

«እኔም እሱን ነው የምልህ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እጅህን አይቼዋለሁ።»

ሙሽራው አቀርቅሮ የጊታሩን ክር መቃኘት ጀመረ፤ የተቃኘውን። አዛውንቱ ፊታቸው ቀላ። ጥርሳቸውን የነቀሉበት ሥራ ነው። በገዛ ሱቃቸው፣ ያውም በልጃቸው ባል ፊት! ተቆጡም፣ አፈሩም፤ ከሁለቱ የትኛው እንደባሰባቸው ለራሳቸውም አልታወቃቸውም።

«አባባ፣ እየቀዘቀዘ ነው» አለ ሙሽራው፣ ቀና ሳይል።

አዛውንቱ ከወንበሩ ተነሱ። ልጃቸው ተቀመጠች።

«ግራ እጅሽን ወደ ኋላ! በአንድ እጅ ብቻ። ጫፉን አይደለም፣ ራቅ አድርገሽ ያዢው።»

የመጀመሪያውን ነካች፤ ዝም። ቀጥሎ ያለውን ነካች፤ ዝም። ሙሽራው ይመታል፤ የሚሰማው የክሩ ደረቅ ድምፅ ብቻ ነው። ከትልቁ ቫልቭ ሥር ያለውን ስትጫነው ጊታሩ ሱቁን አናጋው። ለቀቀችው፤ ጠፋ። ተጫነችው፤ ተመለሰ።

«እሱ ነው!» አዛውንቱ ጮኹ። ኩርፊያቸውን ለጊዜው ረስተውታል። «ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ሲሞቅ ግን ሽቦው ከብየዳው ይለቃል። አየሽው ይሄን አስመሳይ?»

ኤሌክትሪኩን ነቀሉ፤ ውስጡ የተጠራቀመው ኃይል ወጥቶ ማለቁን በመለኪያ ሳያረጋግጡ አላስነኳትም። በየደችው። ወደ ሳጥኑ መልሰው፣ ብርድ ልብሱን ደርበው አሞቁት። ሙሽራው አንድ ዘፈን ጨረሰ። ሌላ ጀመረ፣ ያንንም ጨረሰ። ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ።

«አባባ፣ ማታ አብረውኝ ሆቴል ይሄዳሉ አይደል? ልቤ አላረፈም።»

«እሷ ትሂድ» አሉ አዛውንቱ። «ብልሽቱን ያገኘችው እሷ ናት።»

ባልና ሚስቱ አምፕሊፋየሩን ለሁለት ይዘው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰውዬ አሮጌ ሬዲዮ ታቅፎ ገባ።

«ጋሼ፣ ይቺን ዛሬ ቢያዩልኝ? ከእርስዎ በቀር የሚያውቃት የለም ብለውኝ ነው።»

አዛውንቱ ሬዲዮዋን ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩዋት። ያውቋታል፤ ሆድ ዕቃዋን ጨለማ ውስጥም ቢሆን ለይተው ያውቁታል። መልሰው አስታቀፉት።

«ባለሙያዋ ለሥራ ወጥታለች» አሉት። «ነገ ጠዋት ብቅ በል።»