ውሃ የለም ያለችው ልጅ

ጓደኞቿ ሽቦ ያሏት አንድም ቅጥነቷን አይተው ነው፣ አንድም ቦርሳዋ ሲከፈት ከደብተር ይልቅ ገመድ ስለሚበዛው ነው። የምትማረው የእንስሳት ጤና ነው፤ ሁለተኛ ዓመት። ዌብሳይት መሥራት ማንም አላስተማራትም፣ ማንም አላዘዛትም። ሌላው ከክፍል መልስ ካርታ ሲጫወት ወይም ፍቅረኛ ሲያባብል፣ እሷ ክዳኑ በፕላስተር የተያያዘ ላፕቶፕ ታቅፋ አልጋዋ ላይ ትጎለታለች። የቤተ መጻሕፍቱን ባዶ ወንበር የሚቆጥር ገጽ ሠርታ ማንም ዞር ብሎ አላየላትም። የካፌውን ሰልፍ የሚናገር ሌላ ሠራች፤ ገጹ ተከፍቶ እስኪታይ ሰልፉ ያልቅ ነበር። እሷ ግን ደንታ አልሰጣትም። ሦስተኛውን ጀመረች።

ሦስተኛው ጉድ አፈላ።

ኮሌጁ አምስት የሴቶች ማደሪያ ብሎኮች አሉት። ውሃው ደግሞ በፈለገው ሰዓት፣ በፈለገው ብሎክ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ሴቱ ባልዲ አንጠልጥሎ ከብሎክ ብሎክ ሲንከራተት ይውላል። የሽቦ ገጽ ቀላል ነው፤ አምስት መስመር፣ በየመስመሩ ሁለት ቁልፍ፦ «አለ» እና «የለም»። ቧንቧው አጠገብ ያለችው ትጫናለች፣ ሌላዋ ታያለች። አለቀ።

መጀመሪያ ላይ ግን ተሳስታ ነበር። ገጹ የምትጫነው ማን እንደሆነች አይጠይቅም። አንዲት ቀልደኛ ብሎክ አራት ላይ «አለ» ብላ ብትጫን፣ ሰባ የሚሆኑ ልጆች፣ ግማሾቹ ሳሙናው ፀጉራቸው ላይ እንዳለ፣ ባልዲ እያንኳኩ ግቢውን አቋርጠው ሮጡ። ቧንቧው አየር ተነፈሰ እንጂ ጠብታ አልሰጠም። ያን ቀን ከሽቦ ዘመዶች ያልተሰደበ አልቀረም። በማግስቱ ኮዱን ቀየረችው፤ የምትጫን ሁሉ በመታወቂያ ቁጥሯ ትገባለች፣ ከመልሷ ጎን ስሟና ሰዓቱ ይወጣል። ቀልዱ በአንድ ቀን ቆመ። ስሟ የሚታይባት ልጅ ከመጫኗ በፊት ቧንቧውን ከፍታ ታረጋግጣለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት የተማሪዎች ዲኑ አስጠራት። ዲኑ ዓመታቸው ያለፈ ካላንደሮች ከተደረደሩበት ባለመስታወት ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ፣ የአባት ፈገግታ ለጥፎ ተቀበላት።

«ጎበዝ ነሽ፣ ልጄ። እንዳንቺ ያሉትን ነው የምንፈልገው።»

ሙገሳው ወዴት እንደሚያመራ አልገባትም።

«ሐሙስ የኮሌጁን ደረጃ የሚመዝኑ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ባቀረብነው ሰነድ ላይ ውሃ ሃያ አራት ሰዓት አለ። አንቺ ደግሞ ለዓለም ሁሉ የለም እያልሽ ነው። እስኪሄዱ ድረስ አምስቱንም ‹አለ› አድርጊያቸው። ያንን የስም ነገርም አውጪው፣ አያምርም።»

«ግን እኮ ውሃ የለም፣ ዶክተር።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ።»

ይህችን ነው መዋጥ ያቃታት። ባያውቅ ኖሮ ታስረዳው ነበር። እያወቀ፣ እየሳቀ፣ በእሷ ጣት ሊዋሽ ነው።

«ስሙን ካወጣሁት ማን እንዳለው አይታወቅም።»

«እሱ አይደል የተፈለገው?»

«እንግዲያው እርስዎ ይጫኑት። በሠራተኛ ቁጥርዎ እንዲገቡ አደርጋለሁ። አምስት ጊዜ መጫን ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም።»

ፈገግታው ወረደ። «ማደሪያ የምታገኙት በኮሌጁ መልካም ፈቃድ መሆኑን ታውቂያለሽ አይደል? እስከ ረቡዕ።»

ማወቁንስ ታውቃለች። ቤተሰቦቿ ያሉት በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ከሚያስኬድ ቦታ ነው፤ እዚህ የምታስጠጋት አክስት የላት፣ አጎት የላት። አልጋው ሄደ ማለት ትምህርቱም ሄደ ማለት ነው።

እናቷ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት፤ ስልክ የምታነሳው በምሳ ሰዓት ማሽኑ ሲቆም ነው። ሽቦ ነገሩን ከጥግ እስከ ጥግ ነገረቻት።

«ምን አገባሽ አንቺ? የውሃ ሠራተኛ ነሽ?»

«እማዬ፣ ዋሺ እኮ ነው የሚለኝ።»

«ይበልሻ! ስንት ቀን ነው? መጀመሪያ ዲግሪሽን ያዢ፣ ከዚያ እንደልብሽ ትቆጫለሽ። በሞቴ፣ ልጄ።»

ሽቦ እናቷ «በሞቴ» ብላት እምቢ ብላ አታውቅም። «እሺ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

«አልችልም፣ እማዬ።»

«ድሮስ! ቁርጥ አባትሽን!» አለችና እናቷ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ረቡዕ ከምሳ በፊት ሽቦ ላፕቶፑን ከፈተች። ከአምስቱ መስመሮች በላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ይህ ገጽ ገምጋሚዎች እስኪሄዱ ድረስ ሁሉንም ‹አለ› እንዲል ታዝዟል። አይልም።» ከስሩ ሙሉ ስሟን ከነአባቷና ከነመታወቂያ ቁጥሯ አስገባች።

አንድ ክፍል አብራት የምታድረው የነርስነት ተማሪ ጓደኛዋ በትከሻዋ በኩል አንብባ ዓይኗ ፈጠጠ። «አብደሻል?»

«ሳይሆን አይቀርም።»

«ስምሽንስ ለምን ታስገቢያለሽ?»

«የሰውን ሁሉ ስም አደባባይ አውጥቼ የኔን ልደብቅ?» አለች ሽቦ። «ፈርቻለሁ፣ እውነቴን ነው። እጄን ያዥኝ።»

ጓደኛዋ እጇን ይዛ ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሳች፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን ቧንቧ ከፍታ አየች፣ ተመልሳም «የለም» ብላ ተጫነች። ስሟ ወጣ። ከብሎክ አንድ አንዲት ልጅ ተጫነች፣ ከብሎክ አምስት ሦስት። ያቺ ሰባ ሰው ያስሮጠች ቀልደኛ ሳትቀር በሙሉ ስሟ «የለም» አለች። አመሻሹ ላይ ገጹ የያዘው ከሁለት መቶ በላይ ስም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት፣ ገምጋሚዎቹ ሳይደርሱ፣ ዲኑ እንደገና አስጠራት። «ተቀመጪ» አላላትም። አንድ ወረቀት ገፋ አደረገላት። ከዛሬ ጀምሮ ከማደሪያ እንድትለቅ ተወስኗል ይላል።

«እዚህ ጋ ፈርመሽ ተቀበይ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ማኅተም አለው። ከማኅተሙ አጠገብ ያለው መስመር ባዶ ነው።

«ማን ነው የወሰነው?»

«ቢሮው።»

«ቢሮው ማን ነው?»

«አንቺ ልጅ! ፈርሚ ብያለሁ!»

«እፈርማለሁ፣ ዶክተር። ገጹ ላይ ያሉት ልጆች ግን በስማቸው ነው የተናገሩት። እርስዎም በስምዎ ያባሩኝ። አንድ ቃል አልከራከርም፣ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ።»

ዲኑ ብዕሩን አነሳ። ደብዳቤውን አየ፣ እጇ ላይ ያለውን ስልክ አየ። የፈረመው ወረቀት ፎቶ ተነስቶ ከምሳ በፊት የት እንደሚለጠፍ ለመገመት ዶክተር መሆን አያስፈልግም። ውጭ መኪና ቆመ፣ የበር መዘጋት ተሰማ፣ ጸሐፊዋ እንግዶቹን ለመቀበል ስትጣደፍ ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ ተንኳኳ። ዲኑ የብዕሩን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

ሽቦ ጠበቀች። ብዕሩ ወረቀቱን ሳይነካ ሲቀር ደብዳቤውን በሁለት ጣቷ ወደ ዲኑ መልሳ ገፋችው።

«ሲፈርሙበት ይላኩልኝ» አለችው። «ብሎክ ሁለት፣ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ። በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ የኔ ነው።»