ሞተር ሆኖ የተቀጠረው ሰው

የባለወፍጮው አሮጌ የናፍጣ ሞተር ሲነሳ ሙት ይቀሰቅሳል ቢባል ማጋነን አይደለም። ዱቅ ዱቅ ሲል ሰባት ሰፈር ይሰማው ነበርና፣ ሰው እህሉን ተሸክሞ እየተጋፋ ይመጣል። ሰውዬው ማስታወቂያ ለጥፎ አያውቅም፤ ማስታወቂያው ሞተሩ ነው።

ከዚያ ያ ክፉ ወረርሽኝ መጣና ገበያው ሞተ። ባለወፍጮው ሁለቱን ሠራተኞቹን አሰናበተ። አንደኛው የሚስቱ ወንድም ስለነበር የቤቱ ሰላምም አብሮ ተሰናበተ። ክፉው ቀን ሲያልፍ መንግሥት ለተጎዱት መላ አመጣ፦ ጭሳም ሞተርህን አስረክብ፣ ሶላር ከነወፍጮው ይተከልልሃል፤ በሦስት ወር ውስጥ ሁለቱንም ሠራተኞች ካልመለስክ ግን ተነቅሎ ለሌላ ይሰጣል።

አስረከበ። እሱ እንደሚለው፣ ጣሪያው ላይ የተዘረጋው ሶላር ፀሐይዋን ራሷን አሳፍሯታል። አዲሱ ወፍጮ ግን ድምፁ የድመት ማንኮራፋት ነው። ሰው የሚባል ዝር አላለም። ዘመድ ያልሆነውን ሠራተኛ እንደምንም መልሶ ሁለት ወር ሙሉ አብረው ዝንብ ሲያባርሩ ከረሙ።

«ዘግቷል እየተባለ ነው» አለች ሚስቱ። «ድምፅህ ስለጠፋ ሊለቀስልህ ምንም አልቀረም።»

«ታዲያ እኔ ልጩህልሽ?»

«አንተማ ሳትቀጠርም ትጮሃለህ። ወንድሜን ቅጠረው!»

በማግስቱ ወንድምየው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባዶ በርሜል ገልብጦ በዘነዘና ይወቅጠው ጀመር። ዱቅ ዱቅ ዱቅ! እኩለ ቀን ሳይሞላ ሰልፉ መንገድ ዘጋ።

ሦስት ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው የመንግሥት ተቆጣጣሪዋ መጣች። ድምፁን ከዋናው መንገድ ሰምታ ኖሮ ዓይኗ ደም መስሏል።

«ሞተሩን የት ደበቁት?»

«የቱን ሞተር፣ የኔ እመቤት?»

«ጆሮ የለኝም እንዴ? ሶላሩን ዛሬውኑ ነው የማስነቅለው!»

ባለወፍጮው ምላሱ በሕይወቱ ከድቶት አያውቅምና «ይምጡ፣ ይዩት» ብሎ ወደ ጀርባ ወሰዳት። ወንድምየው ሸሚዙን አውልቆ፣ በላብ ተጠምቆ ይወቅጣል። ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ ብላ በርሜሉን አሸተተች።

«ይሄ… ሁለተኛው ሠራተኛ ነው?»

«ነዋ!»

«ሥራው ምን ተብሎ ይጻፍ?»

«ሞተር።»

ከንፈሯን ነክሳ ጻፈች። «ጭስስ?»

«ሲጋራ ነበረችው፤ እሷንም እህቱ አስጥላዋለች።»

«ነዳጁስ?»

ወንድምየው ይሄን ሲሰማ ዘነዘናውን ወረወረ። «እሱን ጠይቂልኝ፣ እመቤቴ! ጋሼ፣ ነዳጅ አልቋል። ምሳዬ የታል?»

ሰፈሩ ጭጭ አለ። ማዶ እህል ተሸክማ ትመጣ የነበረች ሴትዮ ቆመች፤ አዳመጠች፤ ፊቷን አዞረች።

«ኧረ ምሳውን አምጪ!» እያለ ባለወፍጮው ወደ ቤት በረረ። እግሬ መሬት አልነካም ብሎ ዛሬም ይምላል።

ተቆጣጣሪዋ ግራ ቀኝ አየች። መዝገቧን ብብቷ ሥር ሸጎጠችና ዘነዘናውን አነሳች።

ዱቅ!

ሴትዮዋ ተመለሰች።