አልነሳም ያለው ኮምፒውተር

ካቻቢቴ ብለው ስም ያወጡላት የሰፈሯ ሰዎች ናቸው፤ እሷም ስሙን አልጠላችውም። ኮምፒውተር መጠገን ማንም አላስተማራትም። ሰው የጣለውን እየፈታች፣ ደህናውን እያቃጠለች፣ በራሷ ላይ እየተቆጣች የለመደችው ሙያ ነው። ስለዚህ በሙያዋ የመጣባት ሰው ከእሷ ጋር ሳይሆን ከነፍሷ ጋር ነው የሚጣላው።

የዚያን ዕለት ግን ነፍሷም ወገቧም ዝለው ነበር። ከጠዋት ጀምራ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከጠረጴዛ ሥር ወደ ጠረጴዛ ሥር በጉልበቷ ስትሄድ ውላ፣ ከሰዓት በኋላ ገና ቀና ከማለቷ አባቷ ደወለ።

"ልጄ፣ የእናትሽ ኮምፒውተር አልነሳ አለ።"

"ነገ ብመጣስ፣ አባዬ? ዛሬ ሰው አይደለሁም።"

"ነገማ ምን ያደርግልኛል! ለዳኛው ዛሬ እንጀምራለን ብዬዋለሁ።"

"እንጀምራለን" ሲል አባቷ የሚያስበው ራሱን አይደለም። ቸር ሰው ነው፤ አገር ይወደዋል፤ ቸርነቱ ግን በሚስቱ ጣት ነው። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ቢሮ ውስጥ የሰው ጽሑፍ ስትተይብ ኖራ ጡረታ ወጣች፤ ወጣች ይባላል፤ ከወንበር ወደ ወንበር ተዛወረች እንጂ አላረፈችም። ባሏ በመንገድ ያገኘውን ሁሉ "አምጣው፣ ሚስቴ ትጽፍልሃለች፤ ለእሷ ምኗም አይደል" እያለ ቤቱን የጽሕፈት ቢሮ አደረገባት። ማመልከቻ የሚያስጽፈው፣ የሠርግ መጥሪያ የሚያስጽፈው፣ ጎረቤቱን ሊከስ የፈለገው፣ ሁሉም ደጇን ይረግጣል። ያሁኑ ደግሞ የባሰው ነው። ጡረታ የወጡት የአባቷ ወዳጅ ዳኛው የሕይወት ታሪካቸውን በእጃቸው ጽፈው፣ ትራስ የሚያክል ክምር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል። ይህ እንግዲህ ገና የልጅነታቸው ነው።

ካቻቢቴ ደረጃውን እየተንጠላጠለች ስትደርስ እናቷ ከኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። የቀኝ እጇን አንጓ በጨርቅ ጠምጥማዋለች።

"መጣሽ፣ እናቴ? ደክሞሻል፤ ቆይ ውኃ ላምጣልሽ።"

"አንቺ ተቀመጪ እማ። እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም። ያው እጅ ነው።"

አባቷ ከበሽተኛ ራስጌ እንደቆመ ዘመድ ይንጎራደዳል። "እኔ በመዳፌ መታ መታ አድርጌው ነበር" አለ። "የድሮው ሬዲዮ እንዲያ ሲባል ነበር ነፍስ የሚዘራው።"

"ጥሩ አደረግህ። ቀጥሎ ደግሞ በርግጫ ትሞክረዋለህ።"

ሥራዋን ከግድግዳው ጀመረች። የጠረጴዛውን መብራት አንስታ ሶኬቱ ላይ ሰካችው፤ በራ። ወደ ማከፋፈያው አዛወረችው፤ እዚያም በራ። የስክሪኑን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቅላ ለኮምፒውተሩ ሳጥን ሰጠችው፤ ለውጥ የለም። ከሳጥኑ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ በጣቷ ዳሰሰች፤ በርታለች። ከዚያ የፊተኛውን ቁልፍ ተጫነች። መብራት የለ፣ ድምፅ የለ፣ የማራገቢያ እስትንፋስ እንኳ የለም። ሳጥኑ እንደ ተቀየመ አማች ዝም አለ።

"ምናልባት በርዶት ይሆን?" አለ አባቷ።

"አባዬ፣ እስቲ ትንሽ ዞር ዞር በል።"

"እሺ፤ እኔም ዳኛው ጋ ደርሼ የቀረውን ክምር ይዤ ልምጣ። ጠጋኟ እቤት ናት ብዬ ላረጋጋው። ስመለስ እንዲያጓራልኝ!" ብሎ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

ካቻቢቴ ሳጥኑን አጋድማ ብሎኖቹን ፈታች። የእናቷ መስኮት ወደ መንገድ ስለሆነ ሳጥኑን በከፈተችው ቁጥር ከውስጡ የሚወጣው አቧራ የወፍጮ ቤት ነበር። ፊቷን አዙራ፣ ትንፋሿን ይዛ ክዳኑን ሳብ አደረገችው። አንድም አቧራ አልተነሣም። ዞራ ስታይ ውስጡ ያብረቀርቃል። የማራገቢያው ክንፎች፣ ኤሌክትሪኩን የሚያድለው የፓወር ሳፕላዩ ጎን፣ ጥጋጥጉ ሁሉ ተወልውሏል።

ድካሟ ሁሉ ወደ ቁጣ ተለወጠ።

"ማነው የነካው?"

"ማን ይነካዋል?" አለች እናቷ፣ ወደ መስኮቱ እያየች።

"እማ፣ ልጅ አታድርጊኝ! እፍ ባዩን አስገብታችሁታል።"

እፍ ባዩ ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ያለው ጠጋኝ ነው። የመጣለትን ዕቃ ሁሉ ከፍቶ እፍ ይልና "ይሄ አልቆለታል፣ አዲስ ግዛ" ይላል። አንድ ጊዜ ሰው ፊት "አንቺ ልጅ፣ ሽቦ ከምትጎለጉዪ ሹራብ ብትሠሪ ይሻልሽ ነበር" ብሏት፣ እሷም "ላንተ አፍ ልጓም ስሠራ ያን ጊዜ እማራለሁ" ብላው፣ ከዚያ ወዲህ ዓይንና ናጫ ናቸው።

"ማንም አልገባም አልኩሽ፣ ልጄ። ሥራሽን ሥሪ።"

ሠራች። ከፓወር ሳፕላዩ የሚመጣውን ትልቁን መሰኪያ ከዋናው ሰሌዳ፣ ከማዘርቦርዱ አላቀቀች፤ ለብቻው ይሠራ እንደሆነ ልትፈትን ቁራጭ ሽቦ አጥፋ አረንጓዴውን መስመር ከጥቁሩ ጋር አገናኘች። ማራገቢያው እፎይ ብሎ መዞር ጀመረ። ልቡ ደህና ነው ማለት ነው። መልሳ ሰካችውና የፊተኛውን ቁልፍ ሽቦ ከሥሩ ጀምራ በጣቷ ተከተለችው። ሽቦው መድረሻው ላይ የለም። ማዘርቦርዱ ጥግ ላይ ሊሰካባቸው የሚገባው መርፌዎች ራቁታቸውን ቆመዋል።

ሽቦውን ያገኘችው በአንዱ ጥግ ተሸጉጦ ነው። ተጠቅልሎ፣ በሰማያዊ የስፌት ክር ወገቡ ታስሮ፣ ክሩ እንደ ሕፃን ጫማ ማሰሪያ ተቋጥሯል።

ካቻቢቴ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። እዚህ ቤት የካውያው ገመድ እንዲህ ነው የሚታሰረው። የሬዲዮውም እንዲህ ነው። መሳቢያው ውስጥ ያለው ሲባጎ ሁሉ እንዲህ ነው። ደግሞም እናቷን ይህን ማን እንዳስተማራት ታወሳት። ባለፈው ስትጠግን እናቷ ባትሪ ታበራላት ነበር፤ ካቻቢቴም ዝም ብላ መሥራት ስለማይሆንላት "ይቺን ቀጭን ሽቦ አየሻት እማ? ይቺ ከወለቀች ይሄ ሁሉ ግሳንግስ ሬሳ ነው" ብላ ስትመጻደቅ ነበር።

"እማ።"

"ወይ።"

"አቧራውን ለምን ጠረግሽው?"

እናቷ ጨርቁን በእጇ ላይ አጠበቀችው፤ ላላ አደረገችው፤ እንደገና አጠበቀችው።

"ከከፈትኩት በኋላ እንዴት ብዬ እንደዚያ ልዝጋው? ሰው ቢያየው ምን ይላል?"

ካቻቢቴ ሳቋ አመለጣት። "ሌባ ገብቶ ቤት ጠርጎ ሲወጣ ያየሁት ዛሬ ነው!" አለች። ከዚያ የእናቷን ፊት አየች።

"እንዲህ ከምትሆኚ አባዬን እምቢ አትይውም?"

"አንቺ አፍ ይዘሽ ነው የተወለድሽው። እኔ ‘አልችልም’ የምትለዋን ቃል ለሰው ስተይብ ኖርኩ እንጂ ለራሴ ብያት አላውቅም። እሱ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ቀላል ነበር። ‘ለእሷ ምኗም አይደል’ ሲል ከልቡ ነው። አሁን እጄ ሌሊት ሌሊት የሰው እጅ ይመስለኛል፣ ልጄ። እኔ ማለት ካቃተኝ እሱ ይበልልኝ ብዬ ነው" አለች፣ በአገጯ ሳጥኑን እያሳየች። "ሞቷል በይው። አቃተኝ በይው።"

"እኔ?"

"አንድ ቀን ብቻ።"

"እማ፣ ይሄ የአንድ ቀን ነገር ነው? የእናቷን ማሽን ያቃታት የኛን ልትነካ ነው ወይ ቢሉኝስ? እፍ ባዩ ይሄን ሲሰማ ድግስ ነው የሚደግሰው!"

እናቷ አልተከራከረችም። ትንሽ አሰበችና "እውነትሽን ነው፤ በይ ሰክተሽ አስነሺው" አለች። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች፤ ጨርቁን ከእጇ ፈታች፤ የዳኛውን ክምር የመጀመሪያ ገጽ አንስታ ከስክሪኑ ጎን አቆመችው። እንደ ታዘዘ ልጅ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። አንጓዋ አብጦ ከክንዷ ጋር አንድ ሆኗል።

ካቻቢቴ ሽቦውን በጣቷ ይዛ ያንን እጅ አየችው። ከዚያ ሽቦውን ወደተሸጎጠበት ጥግ መለሰችው፤ ክዳኑንም ገጠመችው።

አባቷ ሌላ ክምር በብብቱ ይዞ እያለከለከ ገባ። "እህስ? ነፍስ ዘራ?"

"አልዘራም፤ ሞቷል።"

"እንዴት ይሞታል? አንቺ እያለሽ?"

"አቃተኝ፣ አባዬ።"

ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት እየቧጨራት ነው የወጣው። አባቷ ኮፍያውን አወለቀ።

"አንቺን?"

"እኔን።"

ብዙ አላዘነም፤ አባቷ መላ አያጣም። ክምሩን አስቀመጠና ገመዶቹን መንቀል ጀመረ። "አይዞሽ፣ ሁሉ ነገር ከአንድ ሰው አይጠበቅም። ዳኛው በመኪና ነው የመጣው፣ ታች ቆሟል። ዋናው መንገድ ላይ ላለው ልጅ እንሰጠዋለን፤ እሱ ከፍቶ ይየው።"

ሳጥኑን እንደ በግ ታቅፎ ተነሣ። እፍ ባዩ ክዳኑን ያነሣል፤ እፍ የሚለው አቧራ ያጣል፤ ሰማያዊውን ክር ያያል። ሱቁ በር ላይ ለሚቆሙት ሥራ ፈቶች ሲያሳያቸው ከወዲሁ ታያት። መናገር ግን አልቻለችም፤ ብትናገር እናቷን ልታጋልጥ ነው። አባቷ በሩ ጋ ደረሰ።

"አስቀምጠው" አለች እናቷ።

"ቶሎ እመለሳለሁ እኮ።"

"አስቀምጠው አልኩህ። አልሞተም። ልጄንም አላቃታትም። ያ ሰውዬ ሱቁ ቁጭ ብሎ በልጄ አይስቅባትም። ሽቦውን የነቀልኩት እኔ ነኝ።"

አባቷ ሳጥኑን እንደታቀፈ ዞረ። "ለምን?"

"ደክሞኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ይኸው እየነገርኩህ ነው።"

አባቷ ሳጥኑን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረ። የሚስቱን እጅ አየ፤ ጨርቁን አየ፤ እንደገና እጇን አየ። ቢቆጣ ይቀለው ነበር፤ ቁጣውን ግን ፈልጎ አጣው።

"ዳኛውን ምን ልበለው? ታች እየጠበቀ እኮ ነው።"

"እምቢ አለች በለው።"

"እንዲሁ በአንድ ቃል?"

"ምነው፣ ረዘመብህ?"

ሁለቱንም ክምር በብብቱ ይዞ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ አካሄዱ ዕድሜውን ይናገር ነበር።

"ሽቦውን ልሰካው፣ እማ?" አለች ካቻቢቴ።

"እንዳሻሽ። እሱ ያንቺ ሙያ ነው።"

እናቷ ከወንበሩ ተነሥታ ሶፋው ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ በመስኮት እየገባ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም አለች። ትራሱን እንኳ አላስተካከለችም። ወዲያው እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ካቻቢቴ ብሎኖቹን ብትፈታ ድምፁ ይቀሰቅሳታል ብላ ካቻቢቴዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ የራሷንም ጀርባ ለግድግዳው ሰጠችው።

ከታች የአባቷ ድምፅ ይሰማል። የሚለው አይለይም። ይጀምራል፣ ያቆማል፣ ከሌላ በኩል ይጀምራል። መኪናው ግን ገና አልተነሣም። ሚስቱ በአንድ ቃል የጨረሰችውን ነገር፣ እሱ እዚያ ታች ቆሞ ጥላው እስኪረዝም ድረስ ሲያስረዳ ነበር።