የምትተኛበት ተጎታች

ወንድሜ እንደዚያን ቀን ናላዬን አዙሮት አያውቅም። ስንቱን ተጎታች ቤት፣ ስንቱን የጀልባ ተጎታች የበየድኩትን እኔን፣ ስለ ሞላ የሚያስተምረኝ እሱ!

"እትዬ፣ ይሄ ድርብርብ የባሌስትራ ብረት ይቅር" አለኝ የእሱን ተጎታች ቤት ስበይድ አስቁሞኝ። "ለየጎማው የራሱ ሞላና ንዝረት የሚያበርድ አሞርዛተር ይሁንለት። ሚስቴ እኮ ናት የምትተኛበት።"

"ስትተኛ ቆሞ አይደል እንዴ? የቆመ ነገር ምን ያንገጫግጨዋል?" አልኩት። "ባሌስትራ ኮረኮንች ላይ ቢሰበር የትም ጋራዥ ምትክ አታጣም። የአንተ ቅንጦት ግን ጫካ መሃል ገትሮ ያስቀርሃል። የጀልባ ቢሆን፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይዝጋል ብዬ ሌላ እመርጥልህ ነበር። ይሄ ምን ሆነና?"

ገና ያልተገጠመውን ጎማ በእግሩ ገፋ አደረገ።

"ቆሞ አይደለም" አለ ቀስ ብሎ። "እየሄደ ነው።"

"አብደሃል?" ጮህኩበት። "ሰው ተጎታች ውስጥ አይጫንም! ከመኪናው ቢላቀቅስ? ቢገለበጥስ? በር ዘግተህባት ልትነዳ ነው?"

"ሐኪሞቹ ሕመሟ አይድንም፣ ከእንግዲህ ቤቷ ትረፍ ብለዋል። ጀርባዋ ወንበር አይችልም፤ አምቡላንሱ እናቷ ቤት በሚወስደው ኮረኮንች አልገባም አለ። እሷ ደግሞ ሳልሞት እናቴ ቤት አድርሰኝ ትለኛለች። ታዲያ ምን ላድርግ?" ብሎ አለቀሰ። ቢሆንም እሺ አላልኩም።

ጋራዡን ዘግቼ ተያይዘን ቤቱ ሄድን። ሚስቱ መስኮቱ ሥር በጎኗ ተኝታለች።

"ምነው ፊታችሁ? ተጣላችሁ እንዴ?" አለችን።

ሳልደብቅ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ እጇን ለወንድሜ ዘረጋች።

"እንግዲያው እናቴን አምጡልኝ" አለች። "እሷ ወንበር ትችላለች።"

"ያደግሽበት ቤትስ?" አላት ወንድሜ።

"ቤቱማ አይመጣ!" ብላ ሳቀች። ሳቁ ጀርባዋን ወጋት መሰለኝ፣ ትራሷን ነከሰች።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፤ ላጽናናት ብዬ፣ "ተጎታቹን ቶሎ እጨርሰዋለሁ፤ ግቢ ውስጥ ይቆምና እናትሽ ታርፍበታለች" አልኳት።

"አይ እትዬ" አለችኝ። "እስኪያልቅ አልቆይም።"

ወንድሜ ማናችንንም ሳያይ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ እናቷን ሊያመጣ ወጣ።