ከኢማም ኋላ የሚቆም ሰው

በሶላት መካከል የተሳሳተ ኢማምን ማቃናት የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የሚገባም ነገር ነው። ነገር ግን ሥርዐት አለው። ከኋላው የሚቆመው አንድ ሰው ነው፤ ቁርኣኑን በልቡ የያዘ፣ መታገሥንም የሚያውቅ ሰው። ኢማሙ ዝም ቢል ትንፋሹን እስኪሰበስብ ይጠብቀዋል፤ መንገዱን ራሱ ካላገኘ ብቻ አንዲት ቃል ዝግ ባለ ድምፅ ያቀብለዋል። ይህን ሥራ በሰፈራችን መስጊድ አሥራ ዘጠኝ ረመዳን ሠርቼዋለሁ። ከዚያ ቀደምም በማተሚያ ቤት አርባ ዓመት አራሚ ነበርኩና፣ ሰው ጽፎ ሳይጨርስ ብዕሩን መንጠቅ እርማት ሳይሆን ብልግና መሆኑን አውቃለሁ።

ዘንድሮ ግን ሁሉም አራሚ ሆነ።

ኢማማችን የእህቴ ባል ነው። ቀን ልብስ ሲሰፋ ይውላል፤ ማታ የረመዳኑን የሌሊት ሶላት፣ ተራዊሕን፣ ያሰግዳል። በየሌሊቱ አንድ አንድ ክፍል እያነበበ፣ ወሩ ሲያልቅ ቁርኣኑን ያጠናቅቃል። በአሥራ አምስተኛው ሌሊት ስለ ወላጆች እርጅና ከሚናገረው ቦታ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። እናቱን የቀበርናት ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ከኋላው ከቆሙት አብዛኞቹ በእጃቸው አፈር አልብሰዋታል። ለምን እንደ ቆመ ገብቶኝ ስለነበር ጠበቅኩ። እሱ ገና ትንፋሹን ሳይስብ ግን ከግራ አንዱ፣ ከቀኝ ሌላው፣ ከኋላ ሦስት አራት ሰው ቀጣዩን ቃል ጮኹበት። ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ቁርኣኑን ከብርሃኑ ላይ እያነበቡ ነው እንግዲህ የሚሰግዱት። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የማይክ ድምፅ ነበር። ማይክ የምንለው አንድ ኢንጂነር ነው፤ ስሙ የወጣለትም ድምፅ ማጉያ ስለማያስፈልገው ነው። በጩኸቱ ምክንያት ኢማሙ እውነትም ቃሉ ጠፋው፤ ንባቡን ሳይጨርስ አጎነበሰ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይህ ነው።

ሶላቱ እንዳበቃ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የግንባታ ዕቃ ነጋዴው ሐጂ፣ ወደ እኔ መጥተው ሽማግሌው መርሳት ጀምሯል አሉኝ። ሽማግሌው የሚሉት በስድስት ዓመት የሚያንሳቸውን ሰው ነው። ሌላ ሰፈር በአርባ ደቂቃ የሚጨርስ ወጣት ኢማም እንዳለ፣ ከነገ ወዲያ እንዲመጣም እንደተነጋገሩ ጨመሩልኝ። የነገው ሌሊት መፈተኛ ነው፤ የእህቴ ባል አንድ ጊዜ ከቆመ በቃው። ሰው እርስዎ እንደሚሸጡት ቧንቧ ካልፈሰሰ ዋጋ የለውም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

በማግስቱ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ስፒል በከንፈሩ ይዞ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ የኮት እጅጌ ያያይዝ ነበር። እንዳልረሳ ለኮሚቴው እንዲናገር፣ የቆመበትንም ምክንያት ሳያፍር እንዲገልጽ ነገርኩት። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ እያወጣ ጨርቁ ላይ ሰካቸው።

«እናቴ ትዝ አለችኝ ብዬ ማመልከቻ ላስገባ፣ ጋሼ?»

«ታዲያ ዝም ብለህ ልትባረር ነው?»

«ያነበብኩት ለኮሚቴው አይደለማ» አለና እጅጌውን መልሶ አነሣ።

ደረቅ ሰው ነው። ከሱቁ የወጣሁት ከገባሁት ይልቅ ተቆጥቼ ነበር። ያን ቀን ጾሙ አልከበደኝም፤ ንዴት በልቼ ነው የዋልኩት።

ማታ ለሶላት ተሰልፈን ሰፍ ልንይዝ ስንል ማይክ ስልኩን ማቆሚያ ላይ ሰክቶ፣ ኢማሙ ፊት ሊያስቀምጠው እሱ ወደሚቆምበት ሚሕራብ ቀረበ። እንዳይቸገሩ ብዬ ነው፣ አባባ፣ አለው፤ ከጀርባው ጓደኞቹ ፈገግ አሉ። የእህቴ ባል ስልኩን ተቀበለው፣ አጠፋው፣ መለሰለትም። ከዚያ ክንዱን ይዞ ወደ ፊት ሳበው።

«ልጅ ሆነህ ቁርኣኑን በቃልህ እንደያዝክ ዘወትር ትነግረናለህ። የዛሬውን አንተ አሰግደን። እኔ ከኋላህ እቆማለሁ።»

አምስት ሰፍ ሙሉ ሰው እያየው እምቢ ማለት አልቻለም። የእህቴ ባል ከጎኔ መጥቶ ቆመ፤ ትከሻችን ተነካካ። ማይክ አራት ረከዓ፣ አራት ዙር ያህል፣ በንባቡ ጋለበ። ከዚያ ከሙሳ ታሪክ ደረሰ። ይህ ታሪክ በብዙ ቦታ ተመላልሶ የሚነገርና አንዱ ቦታ ከሌላው አንዳንዴ በአንዲት ቃል ብቻ የሚለይ ስለሆነ፣ ብዙ አዋቂ መንገድ የሚስትበት ነው። ማይክ ጀመረ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ጀመረ፤ ዝም አለ። ትናንት የጮኹት ሁሉ፣ የእሱ ስልክ ሲጠፋ አይተው የየራሳቸውን ኪሳቸው ከትተው ነበርና አንድም ትንፍሽ ያለ የለም። በማይክ አንገት ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ። ቃሏ ምላሴ ላይ ነበረች። ሥራዬም እሷን ማቀበል ነበር። አላቀበልኩም። ይቅመሳት አልኩ በልቤ።

የእህቴ ባል አንድ ትንፋሽ ጠበቀ፤ ምናልባት የጠበቀው እኔን ነበር። ከዚያ ቃሏን በሹክሹክታ አቀበለው። ከሁለተኛው ሰፍ የሰማት ሰው አለ ብዬ አላምንም። ማይክ ቀጠለ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልጋለበም።

ሶላቱ ሲያበቃ ሐጂ፣ ይህ የልጆች ጨዋታ አይደለም፣ ለነገ ወጣቱ ኢማም ይጠራ እያሉ መጡ። የመለሰላቸው ማይክ ነው፤ ዐይኑን ከምንጣፉ ሳያነሣ።

«ይቅር፣ ሐጂ። ትናንት እሳቸው አልረሱም። እኛ ነን ያስረሳናቸው።»

ሐጂ የሚያግዛቸው ፊት ፍለጋ ዙሪያውን ቃኙ። ሲያጡ ጊዜ፣ እንግዲህ ኢማማችን ይቀጥላ፣ ብለው ጫማቸውን ፍለጋ ወጡ። ደረቴን ነፍቼ ወደ እህቴ ባል ዞርኩ። እሱም ወደ እኔ ዞሮ ነበር።

«ጋሼ፣ ቃሏ ጠፍታዎት ነው?»

ብዙ ጥፋት ይኖርብኛል፤ መስጊድ ውስጥ ቆሜ ግን አልዋሽም። አልጠፋችኝም አልኩት።

«እንግዲያው ነገ ከኋላዬ አይቁሙ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ወደ ማይክ ዞሮም «አንተ ትቆማለህ። ስልኩን ቤትህ ትተኸው ና» አለው።

አሥራ ዘጠኝ ረመዳን ያገለገለ ሰው በአንዲት ቃል ምክንያት ከቦታው ይነሣል ወይ ብዬ ልከራከር እችል ነበር። አልተከራከርኩም፤ ፍርዱ ትክክል ነበር፣ ይህም ይበልጥ አናደደኝ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ የምሰግደው ከሦስተኛው ሰፍ ነው። ማይክ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ከሚገባው በግማሽ ትንፋሽ እየቀደመም ቢሆን ይጠብቃል። ትናንት ማታ ከጎኔ የቆመው ሰው ንባቡ እንደ ተጀመረ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ሶላቱ እስኪያበቃ ድረስ ጠበቅኩት። ከዚያ በኋላ የነገርኩት ግን በወረቀት ላይ የሚሰፍር አይደለም።